ዋጋው በውስጥ መስመር

ፎቶው ላይ ያለው ዝተት ነው። ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ የወረደለት፣ ደኅና ሸማኔ እጅ ያለፈ የበግ ጠጉር ዝተት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቴሌግራም ሱቅ ለጥፎታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ምንጩ ወሎ፣ ለጋምቦ! ጥራቱ ወደር የለውም! የቀረን ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው! ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» አራት የእሳት ምልክት፣ ሰባት ልብ።

እኔ እዚያው ለጋምቦ፣ የአቀስታ ልጅ ነኝ። አቀስታ ላደገ ሰው ስለ ብርድ አይሰበክም፤ ስለ ዝተትም እንደዚሁ። ክረምቱ ገብቶ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ግን ፎቶው አባበለኝና ጻፍኩ። «ጤና ይስጥልኝ። ዝተቱ ስንት ነው?»

ማታ ላይ መልስ መጣ። «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ እኛን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን።» ማንንም አልመረጥኩም፤ ዋጋ ነው የጠየቅኩት። በማግስቱ «ስንት ፍሬ ፈለጉ?» አንድ። «ለራስዎ ነው ወይስ ለስጦታ?» ለራሴ። «የት አካባቢ ነዎት?» ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ይሆናል። የሱቁ ራእይ ምን እንደሆነ፣ ባህላችንን ለዓለም ማስተዋወቅ ምን ያህል ክቡር ሥራ እንደሆነ ተተነተነልኝ። በአራተኛው ቀን፦ «ግን የመግዛት ፍላጎት አለዎት?»

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ላይ ረጋ ብዬ ሳስበው ስህተቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ዋጋ እንደ ጨዋ ቤት ልጅ ናትና ደጅ ላይ አትሰጣም። ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌው ይመለሳል፣ ደግሞ ይላካል። ቤተሰቡ የጠያቂውን ዘር ማንዘር አጣርቶ፣ ሰው መሆኑን አይቶ፣ ከብዙ ማንገራገር በኋላ «እንግዲህ እናስብበት» ይላል። እኔ ባለጌው ግን ገና ከበር «ስንት ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

ይህ ጥበብ ነጋዴውንም የሰው አዋቂ አድርጎታል። የገዢውን የመገለጫ ፎቶ ያያል፤ ከፎቶው ዋጋ ይወጣል። የእኔ ፎቶ ለሠርግ በተዋስኩት ከረባት የተነሣሁት ነው፤ የእህቴ ልጅ የለጠፈው የተኛች ድመት ነው። ለሙከራ ብለን አንድ ጫማ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ጠየቅን። ለእኔ የተነገረኝ ለእሱ ከተነገረው ስድስት መቶ ብር ይበልጣል። ከረባቱን በነጻ የተዋስኩት መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥልጣኔ ስለምን ከተማ ላይ ብቻ ይቀራል? አቀስታ ገበያም ይድረስ እንጂ! እስቲ እንየው።

ገበሬው ከአምባ ፈሪት በኩል ሌሊት ተነሥቶ ሁለት ሙክት እየነዳ ይመጣል። ገበያው መሃል ይቆማል። አንዱ ቀረብ ብሎ የሙክቱን ወገብ ጨበጥ ያደርግና «አያ፣ ይኼ ስንት ነው?» ይለዋል። ገበሬው ግራና ቀኙን ያያል። «ዝቅ በል! በውስጥ ነው የምናወራው» ይላል። ይዞት ከካቡ ጀርባ ይገባል። እዚያ «እንኳን ወደ በጎቻችን በሰላም መጣህ» ይለዋል። «ለራስህ ነው ለስጦታ?» «ለዒድ ነው።» «ስንት ቤተሰብ ናችሁ?» «ስምንት።» «ከየት ቀበሌ ነህ?» ሰውየው ይመልሳል፣ ይመልሳል፤ ከካቡ ወዲህ ሌላ አርባ ገዢ ተሰልፏል። ደላላ የነበረው ሰውዬ አሁን «አድሚን» ስለሆነ ሰልፉን ያስከብራል። የጠየቀውን ሁሉ «መልእክትህ ደርሶናል፣ በቅርቡ እንመልሳለን» እያለ ይሸኛል።

ሙክቶቹ ግን ጠባቂ የላቸውም፤ ባለቤታቸው ከካቡ ጀርባ ነው። ወደ ገብስ ሻጯ ይጠጋሉ፤ አንድ ቁና የሚሆን ይበላሉ። ሴትዮዋ ትጮሃለች። ሽማግሎች ይሰበሰባሉ። «የተበላብሽ ስንት ነው?» «አንድ ቁና።» «ቁናው ስንት ይሸጣል?» ሴትዮዋ ዝም ትላለች። ዋጋ አደባባይ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ብትናገር ነገ ሌላው ገዢ ይሰማል። «እሱን በውስጥ ልንገራችሁ» ትላለች። አምስቱም ሽማግሌዎች ተራ በተራ ጆሯቸውን ይሰጧታል። ለአምስቱም የተለያየ ዋጋ ትነግራለች፤ አንደኛው ጥሩ ጋቢ ስለለበሱ ለእሳቸው ከፍ አድርጋዋለች። ሽማግሎቹ በካሳው መስማማት አቅቷቸው እርስ በርስ ይጣላሉ። አስታራቂ ሲጣላ ማን ያስታርቃል? ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል። መዝገቡ ላይ «የክሱ መጠን፦ በውስጥ መስመር የተገለጸ» ተብሎ ይጻፋል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ቀጠሮ ይሰጣሉ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። የአቀስታ ብርድ ከተራራው ወረደ። ከካቡ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ሰዎች «ፍላጎት አለህ ግን?» ላይ ደርሰዋል። ገበሬው በጎቹን ነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሳምንቱ ይመጣል፣ በሳምንቱም ይመለሳል። ሙክቱ በመመላለስ ብዛት ስቡ ቀልጦ ጠቦት ያክላል፤ ገበሬው ግን ፎቶውን አልቀየረም፣ ያው የሰባበት ጊዜ ፎቶ ነው። ግብር ሰብሳቢው መጥቶ «ዘንድሮ በስንት ሸጥክ?» ሲለው ብቻ ገበሬው ፈገግ ይላል። እዚህ ላይ ዘዴው ጥቅም እንዳለው አልክድም።

መናኸሪያም ይሂድልን። አቀስታ ያለችው ከደሴ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ መኪናው አፍንጫውን ወዴት እንዳዞረ ማወቅ ትንሽም ቢሆን ይጠቅማል። ረዳቱ ግን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ምቾት! ፍጥነት! አስተማማኝ ጉዞ! ለመድረሻ በውስጥ መስመር!» ይላል። ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ያላት እናት መካነ ሰላም ትወርዳለች።

በረዳት እንስቃለን እንጂ ከእሱ የተሻለ አስተዋዋቂ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። «ደሴ ደሴ ደሴ፣ ሁለት ሰው!» የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚነሣ በአምስት ቃል ጨረሰው። ሁለት ሰው ያለው ስምንት ሊሆን ይችላል፤ ደሴነቱ ግን አይዋሽም። ጠላ ቤቷስ? እንጨት ላይ ጣሳ ሰክታ በሯ ላይ ታቆማለች፤ አለቀ። ያንን ጣሳ አይቶ «ምን ዓይነት አገልግሎት ይሰጣሉ?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ እስካሁን አልተወለደም። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ደጅም ቡና አለ ማለት ነው። እነዚህ ሴቶች የማስታወቂያ ሥልጠና አልወሰዱም። ባለ ቴሌግራሞቻችን ግን ወስደዋል፤ ሰርተፍኬታቸውንም ለጥፈውታል። ከዋጋ ዝርዝር በቀር ያልለጠፉት የለም።

ደግሞ የበዓል መልእክት! ገጹን ከፍታችሁ ከላይ የምታገኙት «እንኳን ለ2013 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ገባ? ከሥሩ ፋሲካ፣ ከሥሩ ዒድ፣ ከሥሩ ዓድዋ። ሰውዬው የሚሸጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ዓመት በዓል ወደ ኋላ ማክበር አለባችሁ። ስልክ ቁጥሩ ምስሉ ላይ ተጽፎ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ተቆርጠዋል። መፈክሩ «ጥራት መለያችን ነው» ነው፤ መለያ የተባለው ይህ መፈክር ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ጋ አለ።

አድራሻው «ከባንኩ ፊት ለፊት» ይላል። የትኛው ባንክ? ዛሬ ባንክ ፊት ለፊት ያልሆነ ምን አለ? አዲስ አበባ ላይማ ጭራሽ «ከቀድሞው ካፌ አጠገብ» ሆኗል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ካፌውም፣ አጠገቡም ፈረሱ፤ አድራሻው ግን እስካሁን ገጹ ላይ ቆሟል።

«ዋጋ የማንጽፈው ስለሚለዋወጥ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አድሮ አይገኝም። እሺ፣ ስልክ ይሁን፣ ጫማ ይሁን። ዝተት ግን? የለጋምቦ በግ ዶላር አይበላም። ጠጉሩን የሚፈትሉት እናቶች በብር ነው የሚከፈላቸው፤ ያውም በጥቂቱ። ደግሞስ ዋጋው ቢለወጥ ምናለ? ነገ ሌላ ይጻፋ። ማጥፋትና መጻፍ የቴሌግራም ዋና ሥራው አይደለም እንዴ?

ሕጉን ያነሣሁ እንደሆነ «ደረቅ ነህ» እባላለሁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ሕግ አውጪዎቹ የዋሆች ናቸው። «ግልጽ ቦታ» ሲሉ ሰው ሁሉ የሚያየው ማለታቸው ነበር፤ የእኔ ውስጥ መስመርም ለእኔ ግልጽ መሆኑን አላሰቡትም።

አሁን ሽሙጡን ላቁም፤ ደከመኝ። ዋጋ የሚደብቅ ነጋዴ ገዢውን አይቶ ሊቆርጥ የተዘጋጀ ነጋዴ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ዕቃው ጥሩ ከሆነ ዋጋውን አይፈራም።

ይህን የምለው ተቃራኒውን ስላየሁ ነው። ሐምሌ 2015 አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የእኛ አገር ሰው ለወራት ያለ ቴሌግራም ነገደ። የጠፋው ነገር ብዙ ነው፤ በዚያ ጊዜ ስለደረሰው መከራ እዚህ መሃል ጣልቃ አስገብቼ አላወራም። መስመሩ በሚሠራበት ሰዓት ግን አቀስታ ወዳለ ባለሱቅ ደውላችሁ «ስኳር ስንት ገባ?» ስትሉት በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። «ይሄን ያህል፣ አለኝ፣ ና ውሰድ።» አምስት ቃል። የሞባይል ካርድ እያለቀበት «ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል ሰው አልነበረም። ኔት ሲመለስ ያው ሰው ገጽ ከፈተ፤ የእሳት ምልክት አደረገ፤ ስኳሩንም «ለዋጋ በውስጥ» አለው።

ወደ ዝተቱ ልመለስ፤ በስድስተኛው ቀን አቀስታ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። እሷ ስልኳ ባለቁልፍ ነው፤ ውስጥ መስመር የላትም፤ ያላት ውጭ ብቻ ነው። ነገሩን ከሥሩ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። «አጃኢብ!» አለች። «ዝተት ከአቀስታ ወጥቶ አዲስ አበባ ሄዶ ዋጋው ጠፋ?»

«አልጠፋም እቴቴ፣ ደብቀውት ነው።»

«ቆይ» አለችኝ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ከቤት ወጣች። የዶሮ ድምፅ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ከዚያ ከሸማኔው ጋር ከሩቅ ስትጯጯህ ሰማሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷታል። ተመልሳ «ሦስት ሺህ ይላል፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ በመኪና እልክልሃለሁ» አለችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ዶሮዋንም ጨምሮ።

ዝተቱ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ነው። ትናንት አክስቴ መድረሱን ልትጠይቅ ደወለች።

«ያ ልጅስ ዋጋውን ነገረህ?»

«ገና ነው።»

«ምስኪን» አለች፤ ከልቧ አዝናለች። «ሳያውቀው ይሆናላ።»