የአንጓ ጥምጥም፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተጀመረ ጥናት

ስለ ካሜራ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሌንስም እንዲሁ። ካሜራውን ከባለቤቱ ጋር ስለሚያስተሳስረው ጨርቅ ግን ሊቃውንቱ ዝምታን መርጠዋል። ይህን ክፍተት ለመድፈን የተመረጠው የጥናት ሥፍራ ሐዋሳ፣ በተለይም ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ያለው የውኃ ዳር ነው። ምርጫው ሳይንሳዊ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከራሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባ ገባ ነው። ጥልቀቱም አንዳንድ ቦታ ላይ ከ20 ሜትር ያልፋል። ከጀልባ ላይ ያመለጠ ካሜራም በዚሁ ሕግ ስለሚዳኝ፣ የአገሩ ፎቶ አንሺ ማንገቻን እንደ ጌጥ አያየውም።

የማንገቻ ዘር በሦስት ነገድ ይከፈላል፦ የአንገት፣ የመዳፍ እና የአንጓ። ትከሻን ተሻግሮ ካሜራውን ዳሌ ላይ የሚያንጠለጥለውን አራተኛ ነገድ አድርገው የሚቆጥሩ ወገኖች አሉ። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ለሰርግ የመጡ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሳሉ።

የአንገቱ ከካሜራው ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚወጣው ነው። ገንዘብ ስላልወጣበት የሚያከብረው የለም፤ አዲስ ስለሆነ ደግሞ የሚጥለው የለም። ሸክሙን እንመዝን። ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪው 950 ግራም ነው። ሰርግ አንሺ ሁሉ የሚመኘው ከ24 እስከ 70 የሚሄደው ሌንስ፣ ሁለተኛው ትውልድ፣ 805 ግራም ነው። ድምሩ፣ ፍላሹ ሳይቆጠር፣ 1,755 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ከጠዋት የሙሽሪት ቤት እስከ ማታ አዳራሽ ማጅራት ላይ ይውላል። ፀሐዩ ላብ ያመጣል፤ ላቡ ሲደርቅ ጨርቁን ያገረዋል፤ የገረረው ጨርቅ ማተብን ከሐብል፣ ሐብልን ከኮሌታ ጋር ያቆላልፋል። የጥር ሰርግ ሲያልቅ የፎቶ አንሺን ማጅራት ያየ ሰው ስለ ሙያው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ የአንገት ማንገቻ ማዕረግም ነው። ካኖን የ5ዲ ካሜራዎቹን ስም ከነማርኩ ቁጥር በማንገቻው ላይ ጽፎታል። ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ2008፣ ማርክ 3 በ2012 ወጡ። ከካሜራዎቹ ብዙዎቹ ተሸጠዋል፣ ወድቀዋል፣ ተፈታትተው ለሌላው መለዋወጫ ሆነዋል። ማንገቻዎቹ ግን አሉ። ዛሬ በማርክ 3 ማንገቻ የተንጠለጠለ የጀማሪ ካሜራ፣ 600ዲ፣ ማየት ብርቅ አይደለም፤ የአባቱን ካፖርት ለብሶ ሰርግ ቤት የገባ ልጅ ይመስላል። ደንበኛም ካሜራውን ሳይሆን ማንገቻውን አንብቦ ዋጋ ይቀበላል። የካኖን ማንገቻ አድርጎ በኒኮን የሚያነሳም አለ፤ በሰው ትዳር መግባት የጥናቱ ዓላማ ስላልሆነ ታልፏል።

የመዳፉ ነገድ አጭር ታሪክ አለው። የእጅን ጀርባ የሚያቅፍ የታጨቀ ቆዳ ሲሆን፣ አንዱ ጫፍ በካሜራው ቀኝ ጆሮ፣ ሌላው ከሥር በትራይፖዱ ቀዳዳ ይታሰራል። በጣም ይመቻል። ይመቻል ስል እጅና ካሜራ አንድ አካል እስኪሆኑ ድረስ ማለቴ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ትራይፖድ ላይ ለመትከል ከሥር መፍታት ያስፈልጋል። ሊጨብጥህ የመጣ የሙሽራ አጎት ሲያጋጥም ደግሞ የሚሰጥ ቀኝ እጅ የለም፤ ግራ መስጠት ደግሞ ነውር ነው። ክርን ማቀበል ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አንጓው እንምጣ። በካሜራ መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው ቀጭን ገመድ የተሠራው ኪስ ውስጥ ለምትገባ ካሜራ ነው። አንድ ኪሎ ከምናምን ሲሰቀልበት አንጓን እንደ ክስ ይዞ አይለቅም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ ክብደት 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ገመድ ሲሸከመው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው የአንገት ማንገቻ ይልቅ ከሥሩ ያለው ቆዳ ስምንት እጥፍ ይጫናል። የሐይቁ ዳር ልጆች ስሌቱን ሳይሠሩ መልሱን ካገኙት ቆይተዋል። መልሱ ጥምጥም ይባላል።

ጥምጥም ማለት ያንኑ የአንገት ማንገቻ አንገት ላይ ማዋሉን ትቶ ክንድ ላይ መጠምጠም ነው። እጅ ከሥር በማንገቻው ውስጥ ይገባል፤ አንጓው ወደ ውጭ ይሽከረከራል፤ ካሜራው ይያዛል፤ ትርፉ ጨርቅ በመዳፍና በካሜራው መሀል ተጨምድዶ ይቀራል። ሰፊው የማንገቻ ክፍል በአንጓ አጥንት ላይ ካረፈ አጠማጠሙ ሊቅ ነው፤ ዘለበቱ ካረፈበት ጀማሪ ነው። ፊደሉ ወደ ውጭ እንዲውል የሚጨነቅ ካለ ማዕረጉን ገና አልተወም።

የዙሩ ብዛት እንደ ጠላቱ ዓይነት ይለያያል። ለመናፈሻ አንድ ዙር ተኩል ይበቃል። ለአሞራ ገደል ሁለት ዙር ነው፤ እዚያ አባ ኮዳ አለ። አባ ኮዳ ግን ያለ ስሙ ይጠረጠራል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርሰው ይህ ወፍ ከአሳ አጥማጆቹ የተጣለ አንጀት እንጂ የሰው ንብረት አይፈልግም፤ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ ሂሳብ ሳይጠይቅ የሚነሳ ብቸኛ ሞዴልም እሱ ነው። ሁለት ዙር የሚያስፈልገው ለጦጣ ነው። ጦጣ ካሜራው ሙዝ ይመስላታል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አያያዟን ላየ ግን የምትመርጠው ሌንስ ነው። ሦስት ዙር ለጀልባና ለሕዝብ ነው፦ ጉማሬ ለማየት ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ሲቀዘፍ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ገብርኤል ሲነግሥ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በጉዱማሌ ሲከበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ፍቼን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የፎቶ አንሺውም ቁጥር፣ የዙሩም ቁጥር ጨመረ።

በሦስት ዙር ላይ ጣቶች መደንዘዝ ይጀምራሉ። ለዚህ ከብስክሌት ጠጋኝ ቁራጭ ካላማዳሪ ተጠይቆ በአንጓውና በማንገቻው መሀል ይገባል። ብስክሌት በበዛበት ከተማ ካላማዳሪ አይቸግርም። ጎማው አይንሸራተትም፤ በለውጡ የክንድ ጸጉር ይነቅላል።

የጥምጥም እውነተኛ ፈተና ግን ጦጣም ጀልባም አይደለም፤ “እስቲ አሳየኝ” ነው። ዱሮ ፎቶ ታጥቦ ነገ ይመጣ ነበር። አሁን ደንበኛው ወዲያው ማየት አለበት፤ ከዚያ በቴሌግራም ይላክለታል። እህት እጇን ዘርግታ ካሜራውን ወደ ራሷ ትስባለች። ካሜራው ይሄዳል፤ ክንዱ ካሜራውን ይከተላል፤ ፎቶ አንሺው ክንዱን ይከተላል። “ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገመኝ” ትልና ለእናቷ ታሳያለች። እናት መነጽራቸውን እስኪያወጡ ክንዱ አየር ላይ ይጠብቃል። አባት ፀሐዩ ስክሪኑን ስለጋረደባቸው ወደ ዛፉ ጥላ ይወስዱታል። ካሜራውን ማለቴ ነው፤ ግን ፎቶ አንሺው ልጅም አብሮ ሄዷል። አንዱ ሕፃን በሌላ በኩል ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ፣ ግራ እጁ ላይ ስልክ ይዞ፣ የሚላክበትን ቁጥር እየጠየቀ፣ ሂሳቡን በዓይኑ ይጠብቃል። ቀኝ ክንዱ ለጊዜው የቤተሰቡ ነው። ፈትቶ መስጠት ይችል ነበር። ግን ማዞሩ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ጥምጥም እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ደግሞም ካሜራውን የሰጡት ሰው እነማንን ሲያነሳ እንደሚያመሽ አይታወቅም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ያገኘው ጫማ ሰፊ ነው። ካሜራ ነክቶ አያውቅም። አንድ ፎቶ አንሺ ልጅ የቆየ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻ ይዞ መጥቶ፣

“ጋሼ፣ እቺን ለእጄ አሳጥረው ይስፉልኝ።”

“ምን ይሸከማል?”

“ካሜራ።”

“ስንት ኪሎ?”

“ሁለት ቢሞላ ነው።”

“ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ ይሄ የተማሪ መጽሐፍ ሲሸከም የኖረ ነው” አሉና ወስፌያቸውን አነሱ።

ስፌቱን መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ጨርቁ ተደርቦ ሳጥን ይሰፋል፤ በሳጥኑ መሀል ከማዕዘን ማዕዘን መስቀል ይወርድበታል። ሸክም እንዲህ ሲሰፋ አንድ ክር ላይ አይወድቅም። ጠርዙ አጥንት እንዳይፈትግ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ርዝመቱ የተለካው በእጁ ነው፦ ካሜራው ተይዞ ሌባ ጣት ሹተሩ ላይ ስትደርስ፣ በአንጓና በጨርቁ መሀል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ካሜራው ቢለቀቅ ማጥበቂያ ቀለበቱ ተንሸራቶ አንጓውን ይይዛል። የካሜራው ጆሮ ውስጥ የገባው ጫፍ ደግሞ በዘለበቱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ተቀበረ፤ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ጫፍ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሾለከ አንድ ቀን ያልቃል። ይህ ከውጭ በዶላር ከሚመጣው በምንም አያንስም። በምንም ስል በማሸጊያው ካልሆነ በቀር።

ቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ግራኞች ነበር። ሹተር ከሞላ ጎደል ሁሉ በስተቀኝ ስለሆነ የግራኝ ጥምጥም ራሱን የቻለ ነገድ ይሁን ወይስ የአንጓው ንዑስ ክፍል የሚለው ጥያቄ ከባድ ክርክር የሚጠብቀው ነው። ሠንጠረዡ በደብተር ተሰምሯል። ነገር ግን ለዚሁ ምዕራፍ የታሰበው ግራኝ ፎቶ አንሺ ልጅ አሞራ ገደል ጥሬ አሳው ከነዳጣው ቀረበለትና ጥምጥሙን በአንድ ጊዜ ተርትሮ ካሜራውን ዘረጋልኝ። ስንት ዙር ላድርገው ብዬ ጠየቅሁት።

“ዝም ብለህ ያዘው፣ ወንድሜ፤ ዳጣ እንዳይነካው ብቻ።”