ታግ ገፊው

የንስሐ አባቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን አያውቁም። «አባ፣ የተለቀቀ ታግ ወደ ሌላ ኮሚት አዛውሬያለሁ» ብላቸው ስንት ስግደት ቀኖና እንደሚሰጡኝ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ፕሮግራም ከብዙ ፋይሎች ይሠራል፤ ፋይሎቹም ሲለዋወጡ ይኖራሉ። ለደንበኛ በተሰጠበት ሰዓት እያንዳንዳቸው ምን ይመስሉ እንደነበር ኋላ ለማወቅ ስም ይለጠፍባቸዋል፤ ሥሪት 1.4 እንበል። ታግ የሚባለው ይኸው ነው። የታግ ሥራ ከተቀመጠበት አለመነሣት ብቻ ነው። የእኔ ኃጢአት ደግሞ ማንሣት።

አመሉ የጀመረኝ የፋይሎችን ለውጥ በሲቪኤስ በምንመዘግብበት ዘመን ነው። ሲቪኤስ ታግ የሚለጥፈው በየፋይሉ ላይ ነው፤ ኮሚት ያልተደረገ፣ ማለትም ገና ያልተመዘገበ፣ ለውጥ ካለም አይቶ እንዳላየ ያልፍና ከለውጡ በፊት በነበረው ቅጂ ላይ ይለጥፋል። ይህን ቀድሞ የሚፈትሽ አማራጭ አለው፤ መመሪያ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። እኔ መመሪያ አላነብም። እናም እኔ ጋ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ፣ «ተለቀቀ» የተባለው ሌላ ሆኖ አረፈው። ጩኸቱ ሲመጣ የረሳሁትን ፋይል ኮሚት አደረግኩና የእሱን ታግ ብቻ ቀስ አድርጌ ወደፊት ገፋሁት። ታጉ ቀድሞ የት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ፋይሉ ውስጥ አይቀርም። ሌሊት የድንበር ድንጋይ ገፍቶ ጧት ለጎረቤቱ «እንደምን አደሩ» የሚል ገበሬ ደስታዬን ያውቀዋል።

ከዚያ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ብሎ የጻፈው ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ጊት፣ እኛም ቤት ገባ። ጊት ሁለት ዓይነት ታግ አለው። አንደኛው ባዶ ስም ነው፤ ሁለተኛው የለጣፊውን ስም፣ ቀኑንና መልእክት ይይዛል። ለሚለቀቅ ሥሪት የሚመከረው ሁለተኛው ነው። እኔ የመጀመሪያውን እወዳለሁ፤ ለምን ሲሉኝ «ይፈጥናል» እላለሁ። እውነቱ ስሜ እንዳይጻፍ ነው። አለቃዬ ሁለተኛውን ሲያስገድደኝ መልእክቱ ቦታ ላይ «ታግ» ብዬ ጻፍኩ።

የጊት መመሪያ (አሁን አንብቤዋለሁ፤ ዘግይቼ) ነገሩን አያድበሰብስም፦ ታጉን ሰው ካላየው አስተካክል፤ ካየው ግን መሳሳትህን አምነህ ሌላ ስም ስጥ ይላል። 1.4.1 ማለት ነው። ቁጥር አይገዛም፣ አያልቅም። ግን 1.4.1 ብዬ ስጽፍ 1.4 ላይ መሳሳቴን በአደባባይ ማወጄ አይደል? አስገዳጁን ትእዛዝ ጨምሬ 1.4ን ገፋሁት። ሰርቨሩም ያለ ቅሬታ ተቀበለኝ።

ጊት ግን የሰው እጅ የገባን ታግ ዝም ብሎ አይለውጥም። ባልደረባዬ አዲስ ሥራ ከሰርቨሩ ሲያወርድ ቀድሞ የያዘው 1.4 እንዳለ ቀረ። አንድ ስም፣ ሁለት ፕሮግራም። ደንበኛው የነገረንን ብልሽት ስናጣራ ባልደረባዬ «ይኸው ይታያል» ይላል፣ እኔ «የለም» እላለሁ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም። ክርክሩ መሃል ላይ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ አዘዝኩት። አጠፋ፣ አበራ፣ ብልሽቱ አለ። በመጨረሻ የሁለቱን ኮሚቶች ረጅም መለያ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አልኩት።

አሁን ሰርቨሩ ላይ የተለቀቀ ታግ ማንቀሳቀስን የሚከለክል ደንብ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በስብሰባ ላይም ስለ ታግ ክብር ረዘም ያለ ንግግር አድርጌያለሁ። ደንቡ የማይመለከተው አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው። እሱም ለአደጋ ጊዜ ነው።