መብረቅን በመዳፍ

ከሰው ጣት መብረቅ ቢወጣ በምን ይመከታል? እናቴ ስለ መብረቅ ያስተማረችኝ «ዛፍ ሥር አትቁም» የሚለውን ብቻ ነው። ምክሩ ከሰማይ ለሚመጣው ይበቃል። ጥቁር ካባ የደረቡ ሽማግሌ እየሳቁ አሥር ጣታቸውን ሲዘረጉብህ ግን ዛፍ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። እንዲህ ያለውን ጣጣ የሚያውቁት የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ባለ ብርሃን ሰይፍ ተዋጊዎች፣ ጄዳዮች ናቸው። ስለ ጄዳዮች ደግሞ በኛ ቤት የመጨረሻዋ ባለሥልጣን የእህቴ ልጅ ናት፤ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ይግባኝ አትቀበልም።

ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ፓልፓቲን ይባላሉ። ክፉ ቢሆኑም ንጉሠ ነገሥት ናቸውና «አንቱ» ማለቴን አልተውም። መብረቃቸውን መጀመሪያ ያየነው በ1983ቱ ፊልም ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወጣቱ ሉክ ስካይዎከር አባቱን በውጊያ ከረታ በኋላ አልገድልም ይልና የብርሃን ሰይፉን ወዲያ ይወረውራል። ብዙም ሳይቆይ መብረቁ ይወርድበታል።

«ምነው ወገቡ ላይ ቢያንጠለጥለው? አለመግደል ሌላ፣ አለመመከት ሌላ» አልኳት።

«ጋሼ፣ መርህ እኮ ነው!»

መርህ መሆኑን አልካድኩም። ቢሆንም ልጁን ከሞት ያዳነው አባቱ ነው፤ ዳርዝ ቬደር ንጉሠ ነገሥቱን ከነመብረቃቸው ብድግ አድርጎ ጉድጓድ ከተታቸው። ስልት የለው፣ ምሥጢር የለው! እኔ በበኩሌ በዚህ ሁሉ ፊልም ውስጥ ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላየሁም፤ ቬደር በዚያው ጠንቅ መሞቱ ባይኖርበት።

ሰይፉን ያልጣለ ምን ያገኛል? በ2002ቱ ፊልም የጄዳዮች ጠላት ካውንት ዱኩ መብረቅ ሲለቅ፣ ቸኩሎ የገባው አናኪን ከግድግዳ ጋር ተላተመ። መምህሩ ኦቢ-ዋን ግን ሰይፉን ደቀን አደረገና መብረቁ ሰይፉ ላይ ቀረ። እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤቴ ቢኖር የሚጠይቀውን ጠየቅኩ። መሬት የሚያወርድ ሽቦ የለ፣ እጀታው ብረት፣ ታዲያ ያ ሁሉ ኃይል የት ገባ?

«ሰይፉ ይመጠዋል።»

«ከመጠጠው በኋላስ?»

«ጋሼ፣ ፊልም ነው!»

ይህን መልስ የምትመዘው ሲጨንቃት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ፊልም መሆኑን ያነሳ ሰው ከቤት ሊባረር ይችላል።

ከዚያ የጄዳዮች መምህር ዮዳ መጡ። ወደ 900 ዓመት የተጠጋን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው። ቁመታቸው ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የዱኩን መብረቅ በባዶ መዳፋቸው ተቀብለው አፍነው አጠፉት። ይህ በአድናቂዎች ዘንድ ቱታሚኒስ ይባላል አሉ፤ ለሆድ ቁርጠት የሚታዘዝ ነው የሚመስለው። ቬደርም በ1980ው ፊልም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ሃን ሶሎ ወደ ምግብ ክፍል ገብቶ ጠላቱን ማዕድ ላይ ሲያገኘው ሽጉጡን መዘዘ፤ ቬደር ግን ተኩሱን በጓንቱ ተቀበለና ሽጉጡን ነጠቀው።

ካይሎ ሬን ግን አበዛው። በ2015ቱ ፊልም የተተኮሰበትን ጨረር አየር ላይ አቁሞ፣ ጨረሩ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ሥራውን ይሠራል። መብራት ሳያጠፋ ከክፍል እንደሚወጣ ልጅ፣ ጨረሩን የሚለቀው ጨርሶ ሲሄድ ነው። መከላከያ እንዳልለው ጉራ ሆነብኝ፤ ጉራ ነው እንዳልል የእህቴ ልጅ አለች።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በ1977ቱ ፊልም ሉክ ዓይኑን የሚጋርድ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ከምትበር ትንሽ ኳስ የሚተኮስበትን ሳያይ መከተ። ገና የመጀመሪያ ትምህርቱ ነበር! እንግዲያስ በ2005ቱ ፊልም እነዚያ ዕድሜ ልካቸውን የሠለጠኑ ታላላቅ ጄዳዮች ምን ነካቸው? ጄዳዮች በሙሉ እንዲገደሉ ትእዛዝ 66 ሲተላለፍ አይላ ሴኩራ በገዛ ወታደሮቿ ከጀርባ ተመታች። ኪ-አዲ-ሙንዲ ዞር ብሎ ጥቂት መከተና ወደቀ።

«ወታደሮቹ ጥላቻ ስለሌላቸው ነው» አለችኝ። «ጄዳዮችን የሚመራቸው ኃይል የሚያስጠነቅቃቸው ክፋት ሲኖር ነው። እነሱ የታዘዙትን ብቻ ነው የፈጸሙት።»

ከዚህ በኋላ ትንሽ ዝም አልኩ። ክታብ ስላሰረ ጥይት አይመታውም ስለሚባል ሽፍታ በልጅነቴ የሰማሁት ወሬ ብዙ ነው፤ በሁሉም ውስጥ ሰውዬውን የሚጥለው አሳዳጁ ጦር ሳይሆን አብሮት የሚበላ ሰው ነው። ጄዳዩ ሜስ ዊንዱም በዚያው በ2005ቱ ፊልም ሐምራዊ ሰይፉን ደቅኖ የፓልፓቲንን መብረቅ ወደ ገዛ ፊታቸው መለሰው፤ እጁን የቆረጠው ግን መብረቅ ሳይሆን ወዳጁ አናኪን ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንደ አሮጌ ቦርሳ የተጨማደደው ያኔ ነው። ከዚህ የተማሩ መስሎኝ ነበር። በ2019ኙ ፊልም ሬይ የምትባል ልጅ ሁለት ሰይፍ አጣምራ ስትደቅን፣ ያንኑ መብረቅ ለቀቁ። ተመለሰባቸው። መመለሱን እያዩ ጨመሩ። ጣታቸውን ሰብሰብ ቢያደርጉ ያበቃ ነበር፤ እሳቸው እቴ፣ አመድ እስኪሆኑ ለቀቁት።

«የ2005ቱን ሆን ብለው ነው ያደረጉት» አለችኝ የእህቴ ልጅ፤ «አናኪን እንዲያዝንላቸው።»

«የ2019ኙንስ?»

«እሱን ፊልም አልወደውም» ብላ ስልኳን አነሳች።