«አጥፍተህ አብራው»፦ በአንድ መድኃኒት ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ «አጥፍተህ አብራው» የተባለውን ሕክምና መመርመር ነው። መድኃኒቱ ለማዘዝ ትምህርት አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ሃንግ ያደረገበት ሰው ገና «ምን ነካው?» ሲል፣ በክፍሉ ያለው ሁሉ፣ ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ሳትቀር፣ በአንድ አፍ ያዝለታል። በሽተኛውን ማየት ግድ ስላልሆነ በስልክም ይታዘዛል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ኮምፒውተር የያዘውን ሥራ የሚያስቀምጠው ራም በሚባለው ማኅደረ ትውስታ ሲሆን፣ ራም መብራት ሲቋረጥበት ሁሉን ይረሳል። የተጣሉ ሁለት ፕሮግራሞች ቂማቸውን ረስተው እንደ አዲስ ይነሣሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉ ሽማግሌዎች በዚህ ዘዴ ሥራ ይፈታሉ። የጎንዮሽ ጉዳቱ አንድ ነው፦ ከቂሙ ጋር ሴቭ ያልተደረገውም አብሮ ይረሳል።

ቀጥሎ የመከላከል ኃይሉን እንይ። ዊንዶውስ 95 እና 98 ከተከፈቱበት ቅጽበት ጀምሮ ጊዜን በሚሊሰከንድ ይቆጥሩ ነበር። የቁጥሩ ጣሪያ 4,294,967,295 ነው፤ በ49.7 ቀን ይሞላል። እስከዚያ ሳይጠፋ የቆየ ማሽን ድርቅ ሊል ይችል ነበር። በእኛ ሠፈር ግን በዚህ ሕመም የተያዘ አልተገኘም። መብራቱ በየሳምንቱ እየሄደ ስለሚመጣ ሕዝቡ ሳያውቀው ተከትቧል።

የመጠኑ ጉዳይ የተለየው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት በላከው አንድ ጉድለት ያለበት ፋይል ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ወደቁ፤ በየአገሩ በረራ ተሰረዘ። ነገሩ ሲጣራ፣ ሶፍትዌሩ 20 ነገር ተሰጥቶት 21ኛውን ፍለጋ ወደማይመለከተው የማኅደሩ ክፍል ዘልቆ ኖሯል። ማይክሮሶፍትም ከክላውድ ደንበኞቹ አንዳንዶቹ እስከ 15 ጊዜ አጥፍተው ሲያበሩ እንደተፈወሱላቸው አስታወቀ። በጠበል ስሌት ሁለት ሱባኤ ከአንድ ቀን መሆኑ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሕሙም በቅርብ ተከታትለናል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ላፕቶፑ አልነሣ አለው። ጠጋኙ ዘንድ ሲወስደው «ባክአፕ አለህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ይህ ጥያቄ በሙያው ወግ የሚቀርበው ከቀብር መልስ ነው። «ፎርማት ይደረግ» ተባለ፤ ተደረገ። ልጁ በማግስቱ 64 ጊጋ ፍላሽ ገዛ፤ ከእንግዲህ የጻፈውን ሁሉ ማታ ማታ ሊገለብጥበት በእናቱ ስም ማለ። ለሦስት ቀን ገለበጠ። በሳምንቱ ፍላሹን ተውሰን ብንከፍተው ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ነው።

መሐላውን ብናነሣበት «የትኛው?» አለ። መድኃኒቱ ለሰውም እንደሚሠራ በዚህ ተረጋግጧል።