የሽምብራ ዓሣ

አስተናጋጇ «ጾም ነው ፍስክ?» ትላለች። «ጾም» ትላላችሁ። «ዓሣ አለ» ትላለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ «ዓሣ አለ» ነው። ዓሣ ደም አለው፣ ዓይን አለው፣ እናት አለው። በምን ሒሳብ ነው ከሽሮና ከምስር ጎን የተሰለፈው?

ሒሳቡንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሬ አይመስልም! ሥጋ ሲባል ፊታችን ድቅን የሚለው ልኳንዳ ቤት የተንጠለጠለው ሽንጥ ነው። ከሽንጡ በራቀ መጠን ሥጋነቱም እየሳሳ ይሄዳል። ኤሌኖር ሮሽ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳየችው ይህንኑ ነው፤ ሰው ነገርን የሚመድበው አጥር አጥሮ ሳይሆን ከናሙና ጋር እያስተያየ ነው። ፔንግዊን ወፍ ነው ሲሉን ቅር የሚለን ለዚህ ነው።

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ቬንዙዌላ ውስጥ ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም ካፒባራ ይበላሉ፤ በግ የሚያህል የአይጥ ዘመድ ነው፣ ውሃ ስለሚወድ ከዓሣ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቲማቲም ለቀረጥ ጉዳይ አትክልት እንጂ ፍራፍሬ አይደለም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱ? ከራት ጋር እንጂ ከራት በኋላ አይቀርብም! እኛ ዘንድ ዳኛዋ አስተናጋጇ ናት።

ይሁን። የማይዋጥልኝ ግን ሁዳዴን ሙሉ የዓሣ ጉላሽ ሲያወራርድ የከረመ ሰው የእኔን ብስኩት አገላብጦ «ወተት የለበትም?» ሲለኝ ነው። ለራሱ ሲሆን ሜዳ፣ ለእኔ ሲሆን የመርፌ ቀዳዳ! ድንበሩ ከሳሳ ለሁላችንም ይሳሳ እንጂ፣ ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው?

እሱም ምን ያድርግ፣ ጾም ሆድ ያስብሳል። አንዲት የሰፈራችን እናት በሁዳዴ የሽምብራ ዓሣ ይሠራሉ። ዱቄቱን አሽተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ክንፍና ጭራ አውጥተው፣ በቢላ ጫፍ ቅርፊት ይጭሩለታል፤ ከዚያ ጠብሰው ቁሌት ውስጥ ይለቁታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ እንስሳ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል። እንግዲህ እውነተኛው ዓሣ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ሊወድቅ፣ ሽምብራው ሊያልፍ ነው።

«እማማ፣ ዓሣ የጾም ከሆነ ሽምብራው ዓሣ ለመምሰል ምን አደከመው?» አልኳቸው።

«እንዲያምር ነዋ ልጄ!»

በበግ ቅርጽ ሞክረው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቅ ስል ቡናው ፈላ፤ ዳቦም ቀረበ። የተቀባው ምንድን ነው ብል «የጾም ቂቤ» አሉኝ።