ጥቁር ጥለት

አማርኛችን ለሚሸምት ሰው ከአንድ በላይ ስም አለው። አንዱ ገዢ ነው፤ ሌላው ደንበኛ። ገዢ ዛሬ ከፍሎ ነገ ላይታይ ይችላል። ደንበኛ ግን ከደንብ የወጣ ቃል ነው። ደንበኛ ሥራ፣ ደንበኛ ጠላ ስንል ወጉን የጠበቀውን፣ ያልጎደለውን ማለታችን ነው። ጠበቃም ችሎት ፊት የሚቆምለትን ሰው «ደንበኛዬ» ይላል። ቃሉን ስንት ዓመት በአፌ ሳመላልሰው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ በ2014 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት ካስለቀስኩ በኋላ ነው።

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ ትሸጣለች። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ ነጭ ነው። በየበሩ የተሰቀለውን ቀሚስ ነፋስ ሲያወዛውዘው ከሩቅ ሰው የቆመ ይመስላል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ሸማኔዎቹ አሉ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ ድሩን ወጥረው፣ መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ ሲልኩ ያለውን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የኮንትራት ሥራዬ አልቆ ቤት ተቀምጬ ነበር። መንግሥት በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለገና አገራቸው እንዲገቡ ጥሪ ያደረገበት ወቅት ነው። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ሁልጊዜም ጥምቀትን ይጠብቃል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ተረት እዚያ ሰፈር እንጀራ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት 12 ቀናት ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ይጠፋል። አክስቴ «ና እርዳኝ፤ ተምረህ የለ?» አለችኝና ሄድኩ።

የተማርኩት ማርኬቲንግ ነው። ከተማርኩት ሁሉ ደንበኞችን መከፋፈል የሚባለውን በጣም እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ዌንዴል ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ትልቅ ገበያ የሚመስለን ነገር የተለያየ ፍላጎት ያላቸው የብዙ ትንንሽ ገበያዎች ድምር ነው ብሎ አስረድቷል። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ እውነትነቱ ወዲያው ታየኝ። እግሬን ያሰናከለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ በዕድሜ ክፈሉ፣ በፆታ ክፈሉ፣ በገቢ ክፈሉ፣ በመኖሪያ ቦታ ክፈሉ። እነዚህ ከሩቅ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ስለሚታዩ ይቀላሉ፤ ስለሚቀሉ ሰው እዚያው ይቆማል። እኔም እዚያው ቆምኩ።

ደብተር ገዝቼ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ዲያስፖራ፣ ሙሽራ፣ ቱሪስት፣ የሰፈር ሰው። በየዓምዱ ሥር ምን እንደማሳይ፣ በምን ሰላምታ እንደምቀበል፣ ድርድሩን ከስንት እንደምጀምር ጻፍኩ። የዲያስፖራው መነሻ ዋጋ ከሰፈር ሰው ከፍ ያለ ነበር። ይህን መጻፌ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አክስቴ ደብተሩን አየችና «ሰውን ከበር ሲገባ ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

«ከአለባበሱና ከአነጋገሩ።»

ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ባለወርቅማ ጥበብ ቀሚሶችን ከፊት ሰቀልኩ፤ ሸማኔዎቹ ዘንድ ሄጄ 12 ተጨማሪ አዘዝኩ። ጋቢውን፣ ቡልኮውን፣ ተራ ነጠላውንና ባለጥቁር ጥለቱን ሁሉ ጠቅልዬ ከኋላ ያለችው ጓዳ ውስጥ ከመርኩት። ለበዓል ማን ይፈልገዋል ብዬ ነው።

ገና ባለፈ በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ገባች። ጂንስና ስኒከር፣ በእጇ የውሃ ጠርሙስ፣ አማርኛዋ ቆም ቆም የሚል። ገና እግሯ ደፉን ሳያልፍ ዓምዷን አግኝቼላታለሁ።

«እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ!» አልኳት። ሦስት ቀሚስ አወረድኩ። ለጥምቀት ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ነጠላው አብሮት አለ አልኳት።

«ነጠላ ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለች። «ጥቁር ጥለት ያለው።»

ድምፅዋ ዝቅ ማለቱን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን ዓምዴን አመንኩ። «ጥቁር ለበዓል አይሆንም እህቴ፤ የመጣሽው ለጥቂት ቀን ነው፤ ደስ የሚል ቀለም ያዢ» ብዬ ቀይ ጥለት ያለውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁና ወደ መስታወቱ አዞርኳት።

መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። እጇን አላነሳችም፤ ነጠላውን አልገፈፈችም፤ ቆማ እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

አክስቴ ጥግ ላይ የአንዲት ልጅ እጅጌ ትለካ ነበር። ሜትሩን አስቀምጣ መጣችና ቀዩን ነጠላ ከሴትዮዋ ትከሻ ላይ አነሳች። «ልጄ፣ ለምንድን ነው?» አለቻት።

«ለአባቴ። አርባው ነገ ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም።»

አክስቴ ወደ ጓዳ ገባች። ስትፈልግ እሰማታለሁ፤ እኔ የከመርኩትን ክምር ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ሴትዮዋ መሀል ሱቅ ቆማለች፤ ሦስቱ ባለወርቅ ቀሚሶች ክንዴ ላይ ናቸው። ከዚያች ጓዳ እስክትወጣ የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። ይዛ ወጥታ፣ ነጠላውን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ሥር አድርጋ እንደ ለቀስተኛ ወጉ አለበሰቻት። አስቀመጠቻት። ሻይ አስመጣችላት። የአባቷን ስም ጠየቀቻት፣ ቤታቸው ጉለሌ መሆኑን ሰማች፣ ለእናቷ «እግዚአብሔር ያጥናሽ በይልኝ» አለቻት። የጠየቀቻት ዋጋ የሰፈር ሰው የሚከፍለውን ነው።

ማታ ሱቁን ስንዘጋ ይቅርታ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም። «ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። አንድ ለየት ያለ ሰው አጋጠመኝ፣ አዘንኩ፣ አለፈ ነበር ያልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሙሽራ ከእነ ቤተሰቧ መጣች፤ ለመልስ የሚሆን ቀሚስና ካባ ፈልገው። ሙሽራ የሚል ዓምድ ስለነበረኝ ዓይኔም ቃሌም ከሙሽራዋ ላይ አልተነሳም። አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቀሚሱን ጫፍ ገልብጠው ገበሩን ያያሉ፤ ስፌቱን ይጎትታሉ፤ አንድ ጊዜ «ሲታጠብ ምን ይሆናል?» ሲሉ «አያሳስብዎት» ብዬ ወደ ሙሽራዋ ተመለስኩ። ከፋይዋ እሳቸው ነበሩ፤ የሙሽራዋ አክስት። ቀስ ብለው ተነሱ፣ «ዞር ዞር እንበል» አሉ፣ ወጡ። ሙሽራዋ የወደደችው ቀሚስ እጄ ላይ ቀረ። የሚለብሰው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። የእኔ ደብተር ለሦስቱ ቦታ አልነበረውም።

ሦስተኛው ነገር ቆይቶ ነው የመጣው። ከገና በፊት አሜሪካ ለምትኖር ሴት በእጅ የተፈተለ ፈትል ቀሚስ ልከን ነበር። ቆንጆ ሥራ ነው፤ እኔው ነኝ የመረጥኩላት፣ ዲያስፖራ ፈትል ይወዳል ብዬ። በየካቲት ፎቶ ላከችልን። በማሽን፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ጨርቁ ተሰብስቧል፤ ገበሩ ስላልተሰበሰበ ከሥር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ ልብሱን የፈለገችው በየእሑዱ ለቤተ ክርስቲያን ነበር። በየሳምንቱ የሚለበስ፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ፣ ብርዱ ሲመጣ ካፖርት የሚደረብበት። ብንጠይቃት ኖሮ ሌላ ክር እንመርጥላት ነበር፤ ቢያንስ በቀዝቃዛ ውሃና በእጅ እንደሚታጠብ ጽፈን እንልክ ነበር። አክስቴ ሌላ አሠርታ በራሷ ወጪ ላከችላት።

ከዚያ በኋላ ነው ዲያስፖራ የሚለው ዓምዴ ስንት ሰው ውስጡ እንዳፈነ ያየሁት። ልጆቿን እሑድ እሑድ ነጭ ለማልበስ የምትፈልግ እናት አለች። እዚያው ተወልዳ ለምርቃቷ አጭር ቀሚስ የምታሰፋ ልጅ አለች። ለስግድ በዓል ነጭ የሚያስፈልጋቸው የእስራኤል ዘመዶቻችን አሉ፤ የእነሱ ቀን በኅዳር አካባቢ ስለሚውል ጥምቀትን ለሚጠብቅ ሱቅ ጭራሽ ላይታዩት ይችላሉ። አባቷን ለመቅበር ያልደረሰችም አለች። አንድ የሚያደርጋቸው የተሳፈሩበት አውሮፕላን ነው፤ ልብስ ለመምረጥ ደግሞ ይህ ምንም አይረዳም።

የሃርቫርድ መምህር የነበረው ክሌይተን ክሪስተንሰን ያነሳው የነበረ አንድ ታሪክ አለ፤ ትምህርት ቤት ሰምቼው እንደ ጨዋታ ያለፍኩት። አንድ ፈጣን ምግብ ሻጭ ድርጅት የሚልክሼክ ሽያጩን ማሳደግ ፈልጎ ጠጪዎቹን እየጠራ ይጠይቅ ነበር፤ ይጣፍጥ፣ ይወፍር፣ ይርከስ እያለ። አልሆነለትም። ከዚያ አንድ አጥኚ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሰዉን አየ። ከሽያጩ ትልቅ ድርሻ ያለው ማለዳ ነው፤ ብቻቸውን መጥተው፣ ሌላ ነገር ሳይገዙ፣ መኪናቸው ውስጥ ይዘውት ለሚሄዱ ሰዎች። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንድ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል፤ እስከ ምሳ ሆዳቸውን የሚይዝላቸው ነገር ይሻሉ። ያው ሰው ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ ሲመጣ ግን ልጁን ለማስደሰት ነው የሚገዛው፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ መጠጥ ቶሎ አላልቅ ብሎ ያስቸግረዋል። በዕድሜና በገቢ ብትከፍለው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ነው። በጉዳዩ ብትከፍለው ሁለት ነው። አክስቴ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። «ለምንድን ነው?» ስትል ግን በአንድ ጥያቄ እዚያው ትደርሳለች።

ሸማኔውም ያው ነው። ከሱቃችን ጀርባ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ነጠላ ሲታዘዙ ስፋቱን ከመጠየቃቸው በፊት «የምን ነው?» ይላሉ። የክርስትና ከሆነ ሌላ ጥለት፣ የሰርግ ከሆነ ሌላ። ጥያቄው ከድሩ ላይ ይጀምራል ማለት ነው። እኔ በደብተሬ መሀል ላይ ቆርጬው ነበር።

ደብተሩን አልጣልኩትም። መከፋፈል ትክክል ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ሳይከፋፍል የሚሸጥ ሰው ለሁሉም አንድ ቀሚስ ያሳያል። አራቱን ዓምዶች ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፤ ለሰርግ፣ ለመልስ፣ ለክርስትና፣ ለጥምቀት፣ ለለቅሶ፣ ለዘወትር ቤተ ክርስቲያን፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለመላክ። በእያንዳንዱ ሥር ማን ይለብሰዋል፣ ማን ይከፍላል፣ መቼ ይደርሳል፣ እንዴት ይታጠባል የሚል መስመር አለ። ይህ ሥራ ይበዛል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ የሚወስደው ግን ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሰውም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ለጥምቀት ያለችን ልጅ አሁን «ታቦት ትሸኛለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስከ ጃን ሜዳ በሕዝብ መሀል የምትሄድ ከሆነ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ አልሰጣትም፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እናስቆመዋለን። ለፎቶ የምትፈልግ ደግሞ ረጅሙን ትወስዳለች። የኋላው ጓዳም ተከፍቷል። ባለጥቁር ጥለቱ ነጠላ አሁን ያለው ከባንኮኒው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ያን የሚፈልግ ሰው ቆሞ መጠበቅ የለበትም። ካዘዝኳቸው 12 ባለወርቅ ቀሚሶች ሰባቱ እስከ ፋሲካ ድረስ ተሰቅለው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጥቁር ጥለት ከፈለገችው ሴት በሱቁ ቴሌግራም መልእክት መጣ። የሱቁን ስልክ ቁጥር ፌስታሉ ላይ አግኝታ እንዳስቀመጠችው ጽፋለች። «ነጠላ ፈልጌ ነበር። ባለቀለም» ይላል።

«ለምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ለእናቴ። የአባቴ ሙት ዓመት ወጣ። ጥቁሩን እንድታወልቅ ነው። ድሮ ሰማያዊ ትወድ ነበር።»

ለአክስቴ አነበብኩላት። ሰማያዊና አረንጓዴ ጥለት ያላቸውን አወጣች፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና ቀጭን ግራጫ ጥለት ያለውን ሦስተኛ አድርጋ ጨመረች። «የፈለገችው ልጅቱ ናት። እናትየዋ ገና ላይሆንላቸው ይችላል» አለች።

ሦስቱን ይዤ ጉለሌ ሄድኩ። እናትየዋ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ፤ ቡና አቀረቡልኝ። ነጠላዎቹን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሰማያዊው ላይ እጃቸው ቆየ። ከዚያ ግራጫውን አነሱ። «በዚህ ልጀምር» አሉ። ሰማያዊውን አጥፈው መለሱልኝና «ይህን ግን ለሰው እንዳትሸጠው፤ አስቀምጥልኝ» አሉኝ። ሱቅ ስመለስ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከነጠላው ጋር ፌስታል ውስጥ አስሬ፣ ከአክስቴ ወንበር በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።