«ካልታደሉ አይታገሉ» ላሉኝ

«ካልታደሉ አይታገሉ» ይሉኛል የጋይንት አባቶች፣ ነገር ሲከብድ። አባቴ፣ ያልታገለ ሰው አለመታደሉን በምን አወቀ?

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ትላለች የእስቴዋ እናት። እታለም፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ የወንዱን ዕድል ማን አሸከመሽ?

«ተወኝ፣ ግንባሬ ላይ ተጽፏል» ይላል የስማዳው ጎልማሳ። ወንድሜ፣ ሰው የገዛ ግንባሩን አያነብም። ያነበበልህ ማን ነው? ምንስ አተረፈበት?

ክርክሩ የሚጦፈው አፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ነው። «መቅደላ የተጻፈችለት ነበረች» ይሉኛል። የት ተጽፋ? የትንቢት መጽሐፉ ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ይላል እንጂ የቋራው ካሣ ይነሣል አይልም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ስሙን የመረጠው ራሱ ካሣ ነው። ትንቢቱ ፈልጎት አልመጣም፤ እሱ ሄዶ ወሰደው።

«ከዚያ ወዲያስ?» ከዚያ ወዲያማ ምርጫው በረከተ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ መናደዱ የማንም ሰው ንዴት ነው፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሩንን ያሰረው ግን የገዛ ትእዛዙ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለውም እንደዚሁ። መስከረም 1860 ሊወጣ ሲል ከደብረ ታቦር ተነሣ። ጋፋት ላይ ያሠራውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በብዙ መቶ ሰው እያስጎተተ፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፎ፣ መንገድ በሌለበት አገር መንገድ እየጠረገ፣ ራሱም ድንጋይ እያነሣ ስድስት ወር ሊሞላ ሲል መቅደላ ደረሰ። የጨጨሆን ገደል የሚያውቅ የጋይንት ሰው ይህን «ዕድል» ሲለው ደሜ ይፈላል። በዚያ ገደል መድፍ ያሳለፈ ሰው ፈቃድ የለውም ከተባለ፣ ማን ሊኖረው ነው?

«ሰው ከድቶት እኮ ነው!» የበጌምድር ገበሬ የከዳው ቀዬው ሲዘረፍበት ነው፤ ገበሬውም ባለ ፈቃድ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የቪክቶሪያ ስጦታ የሆነውን ሽጉጥ ወደ አፉ ያዞረው ደግሞ የማንም እጅ አይደለም፣ የራሱ ነው። ለእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመስጠት የቆረጠውን ሰው ክብሩን ለዕድል አሳልፌ አልሰጥም።

«የሶፎክለስ ኤዲፐስስ?» ይለኛል ተማሪው። በግሪኩ ተውኔት ትንቢቱ አባትህን ትገድላለህ አለው፤ መንገድ አለቅም ያለህን ሽማግሌ ምታ ግን አላለውም፤ ሽማግሌውም አባቱ ሆኖ ተገኘ። አባቴን እንዳልገድል ብሎ የሚሸሽ ሰው፣ አባቱን በሚያህል ሰው ላይ እጁን ያነሣል?

«የጉና ውርጭስ? በረዶውስ?» እሱን አልክድም። ደመናን የሚያዝ ገበሬ የለም። ግን ሰማዩ ሲነፍግ ጎተራው ለምን ባዶ እንደ ነበር፣ እርዳታው ለምን እንደ ዘገየ መልስ ያለበት ሰው አለ። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ያለቀውን ወገን «ዕድሉ ነው» ብሎ መቅበር ተጠያቂውን በነፃ ማሰናበት ነው። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት ሲኖሩም ይኸው ቃል ይደገማል።

«ታዲያ ለቅሶ ቤትም ልትከራከር ነው?» የለም። ልጇን የቀበረች እናት «ዕድሉ ነው» ስትል ዝም እላለሁ፤ ትጽናናበት። ያንኑ ቃል ሹሙ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲያመጣው ግን እጄን አወጣለሁ።